የቲቶ ቡና

«የቲቶ ቡና ነገ ይለቀማል» አሉ ጋሽ ከድር፤ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ራሱን በመስማማት ነቀነቀ። ጋሽ ከድር የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሱቃቸውም ከሟቹ ከቲቶ ልብስ ስፌት ቤት ጎን ነው። ጥቅምት ላይ የቀላ ቡና ሐዘን አለ ብሎ አይጠብቅም፣ ይረግፋል። ስለዚህ ጎረቤቱ ቅርጫቱን ይዞ ይወጣል፤ ንጋቷ መንገዱን ብታሳያቸው ይበቃል።

ፍራሹ ላይ የተቀመጠችው ንጋቷ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ የሞተው ባሏ አንድ እግር ቡና እንኳ አልነበረውም። አለው ያለችው እሷ ናት።

ቲቶ ሳምንቱን ሙሉ መኪናውን ሲረግጥ ይሰነብትና ቅዳሜ ከሰዓት ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ወደ ወንዙ ይወርድ ነበር። ምን ሊሠራ? ምንም፤ ሊቀመጥ። በበጋ ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጠ ይሻገርና ጉሬዛዎቹን አንጋጦ ያያል። የበልጉ ዝናብ ጠብ ሲል የጫካው ቡና ነጭ ያብባል፤ ያን ጊዜ ሽታውን በሸሚዙ ይዞ ይመጣል። በክረምት ዳር ቆሞ ደፍራሹ ውሃ ድንጋይ ሲያንከባልል ያዳምጣል። አንድም ቀን ዓሣ ወይ ማገዶ ይዞ ገብቶ አያውቅም።

ልጅ ያሳደገ ሰው! ንጋቷ አፈረችበት። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ባልሽ ጫካ ለጫካ ምን ያደርጋል ብለው ሲጠይቋት ቡናውን ሊያይ ነው አለቻቸው። በዚህ አገር ይህን ማን ይጠረጥራል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያ ቡና በየዓመቱ አበበ፣ በየዓመቱ አፈራ፤ እሷም ዘንድሮ ደህና ይዟል ማለት ለመደች።

ቲቶ ሲሰማ ሳቀ እንጂ አልተቆጣም።

«እንግዲያው ነይና እርሻሽን እዪው» አላት። «ከትልቁ ሾላ ሥር መቀመጫሽንም አዘጋጅቼልሻለሁ።»

ቀልድ መሰላት። አንድ ጊዜ ብቻ ወንዙ እስከሚታይበት ድረስ ሸኝታው ሰው እንዳያያት ፈርታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ውሃው ጠራ፣ አበባው ፈነዳ እያለ በጠራት ቁጥር የሚታጠብ ልብስ አላጣችም።

ጋሽ ከድር ያን ባሉ ዕለት ማምሻውን ነገሩን የምታውቀው ልጇ ሩሐማ ጆሮዋ ሥር ተጠግታ፣ ሌባ ቀድሞ ለቀመው በያቸው አለቻት። ንጋቷ ልትስማማ ምንም አልቀራትም። ከድንኳኑ ግን ቲቶ እንዴት ያለ ታታሪ እንደነበር፣ ከስፌቱ ላይ ማሳውን እንዴት ይኮተኩት እንደነበር ሲያወሩ ይሰማታል። ከቀብሩ ጀምሮ የሚለቀስለት እሷ የፈጠረችው ሰው ነበር። ለቲቶ ማንም አላለቀሰለትም።

ጠዋት ቅርጫት ያንጠለጠለው ጎረቤት ተከተላት። ቁልቁለቱን ወርዳ ከትልቁ ሾላ ሥር ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ወዲያ ውሃ ብቻ ነው።

«ማሳው ከማዶ ነው?» አሉ ጋሽ ከድር።

«ማሳ የለም፣ ጋሽ ከድር። ኖሮም አያውቅም። ቲቶ እዚህ ተቀምጦ ውሃውን ያይ ነበር። ሥራ ፈት እንዳትሉብኝ አፍሬ ነው የዋሸኋችሁ።»

ፊቷ በኀፍረት ጋለ። ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች፤ አንዳንዶቹም ቅርጫታቸውን አንስተው ዳገቱን ተያያዙት። ጋሽ ከድር ግን ወደ ወንዙ ዞሩ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱን አደራ እያለኝ የሚመጣው እዚህ ነበር?»

«እዚህ ነበር።»

ጋሽ ከድር ቅርጫታቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ኮፍያቸውን አወለቁ።

ከሾላው ሥር ከመቀመጥ ብዛት የለሰለሰ ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበር። አጠገቡ ሌላ፣ ከወንዙ ተጎትቶ የመጣ፣ እንዳይነቃነቅ በጠጠር የተደገፈ ድንጋይ አለ። የተቀመጠበት ሰው ስለሌለ አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት አውጥቷል። ንጋቷ ተንበርክካ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው፤ አልለቅ ሲላት በጥፍሯ ፈቀፈቀችው። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠችበት።