ፈናን ባጫ፣ የወንዶች ፀጉር አስተካካይ

ፈናን የአርሲ፣ የዲክሲስ ገበሬ ልጅ ናት። አሰላ የመጣችው ለትምህርት ነበር፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካላት ሲቀር ይበልጣል በሚባል ሰው ፀጉር ቤት ገብታ የደንበኞችን ራስ ማጠብ ጀመረች። ይበልጣል ረጋ ያለ እጇን አይቶ ቶንዶስ አስያዛት። መጀመሪያ ሕፃናትን አስተካከለች፤ ቀጥሎ ተማሪዎችን፣ እያደር ባጃጅ ነጂዎችንና መምህራንን። “ልጅቷ የለችም?” ብለው ከበር የሚመለሱ ሰዎች ሲበዙ ይበልጣል አልተቀየመም።

“አንቺ ከእንግዲህ የእኔ ሠራተኛ ሆነሽ መቅረት የለብሽም” አላት። “የራስሽን ክፈቺ።”

አባቷ አቶ ባጫ ግን ሥራዋን አልወደዱትም። ሴት ልጅ የወንድ አገጭ ይዛ ስትላጭ ማሰቡ ራሱ ይከብዳቸው ነበር። አንድም ቀን አልተቆጧትም፤ ስለ ሥራዋም አንድም ቀን አልጠየቋት። ፈናንን ይበልጥ የሚያማት ይኸኛው ነበር።

ንግድ ጽሕፈት ቤት ስትሄድ የነገሯት ግልጽ ነበር። መጀመሪያ የሙያ ብቃት ምዘና አልፋ ምስክር ወረቀት ታመጣለች፤ ከዚያ የጤና ባለሙያ ቤቱን አይቶ ይፈቅዳል፤ የንግድ ፈቃዱ የሚሰጣት ከዚያ በኋላ ነው። የተግባር ምዘናው ላይ እያንዳንዱ ተመዛኝ ፀጉሩ የሚስተካከል ሰው ይዞ መምጣት አለበት። ለታ የሚባል ባጃጅ ነጂ ደንበኛዋ “እኔ አለሁልሽ” ብሎ ለእሷ ሲል ፀጉሩን አሳደገ።

በምዘናው ዋዜማ አቶ ባጫ ዓይናቸውን ሊታዩ አሰላ መጥተው እሷ ዘንድ አደሩ። ጠዋት አብረው ወጡ። ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ገና አልለቀቀም ነበር። ምዘናው የሚሰጥበት ግቢ በር ላይ ሲደርሱ የፈናን ስልክ ጮኸ። ለታ ነበር። ሰው ጭኖ ከከተማ ወጥቶ ባጃጁ መንገድ ላይ ተበላሽቶበታል።

መዛኟ ወይዘሮ ሐመልማል የሚባሉ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ ሴት ናቸው። ፈናን የገጠማትን ስትነግራቸው አዘኑላት፤ ደንቡን ግን አልጣሱም።

“እስክንጀምር ድረስ ሰው ካገኘሽ ግቢ። ካልሆነ የሚቀጥለውን ዙር ትጠብቂያለሽ።”

ፈናን ወጥታ በር ላይ የቆዩትን አባቷን “እንሂድ አባ፣ ሐኪም ቤት ላድርስዎት” አለቻቸው።

“ምን ሆንሽ?”

“የማስተካክለው ሰው ቀረብኝ።”

አቶ ባጫ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባለቤታቸው፣ የፈናን እናት፣ ካረፉ ወዲህ መቀስ ያልነካው ፀጉራቸው ሸብቶና ተያይዞ ጆሯቸውን ሸፍኖታል። ዘመድ “ሐዘኑ ይብቃዎት፣ ይቆረጡ” ብሎ ቢለምናቸው እሺ አላሉም ነበር።

“እኔስ ሰው አይደለሁም?” አሉ።

“አባ፣ ይሄ የእማዬ ሐዘን ነው።”

“ነው። የማንም እጅ እንዲነካው ስላልፈለግሁ ነው የቆየው። አንቺ ግን ልጇ ነሽ።”

ፈናን እጃቸውን ይዛ አስገባቻቸው።

ወንበሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ የተማረችውን ሁሉ በቅደም ተከተል አደረገች። እጇን ታጠበች፤ የቶንዶሱን ጥርስ በአልኮል ጠረገች፤ አዲስ ምላጭ መዛኟ እያዩ ከወረቀቱ አወጣች። ፀጉሩ ተቋጥሮ ስለነበር ማበጠሪያው እየያዘ አስቸገራት። ሳትጎትት፣ ከጫፉ ጀምራ ቀስ እያለች ፈታችው። የመጀመሪያው ሽበት ትከሻቸው ላይ ሲወድቅ አቶ ባጫ ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእሷም ዓይን እንባ አቀረረ፤ መቁረጧን ግን አላቋረጠችም። ከጆሯቸው ኋላ፣ ፀጉሩ ሸፍኖት የኖረ አሮጌ ጠባሳ ብቅ አለ። ቶንዶሱን አስቀመጠችና በዚያ በኩል በመቀስ ብቻ አለፈችው።

ወይዘሮ ሐመልማል መጥተው የማጅራቱን መስመር ጎንበስ ብለው አዩ።

“ልጄ ናት” አሉ አቶ ባጫ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

“አባቴ፣ በምዘና ሰዓት መነጋገር አይፈቀድም” አሏቸው ወይዘሮ ሐመልማል።

“እሷን አላናገርኩም። ለእርስዎ ነው የነገርኩት።”

መዛኟ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ ሌላው ወንበር ዞሩ።

ፈናን መስታወት ስታቀርብላቸው አቶ ባጫ ፊታቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አገጫቸውን፣ ከዚያ ማጅራታቸውን ዳሰሱ። “ኢንተለ ኮ” አሏት በኦሮምኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ምዘናውን አለፈች። የተከራየችውን ክፍል ለማየት የመጣው የጤና ባለሙያ ግን የውሃ ጋኑንና የመቀስ መቀቀያውን ወድዶ፣ ግድግዳው የሚታጠብ ዓይነት አለመሆኑን ነግሯት ሳይፈርም ሄደ። አቶ ባጫ ይህን በስልክ ሲሰሙ እህል መውቃቱን ለሌሎች ልጆቻቸው ትተው መጡ። ሱሪያቸውን ጠቅልለው ግድግዳውን እስከ ትከሻቸው ድረስ በሚታጠብ የዘይት ቀለም ራሳቸው ቀቡት። አንድ የዲክሲስ ሰው በበሩ ሲያልፍ አይቷቸው እዚህ ምን እንደሚሠሩ ጠየቃቸው።

“የልጄ ፀጉር ቤት ነው” አሉት። “ወንዶችን ነው የምታስተካክለው። ስትከፍት ና።”

ባለሙያው ተመልሶ አይቶ ፈረመላት። ፈቃዱን ልትወስድ ስትሄድም አባቷ አብረዋት ነበሩ። ጸሐፊዋ ስሙን ጮክ ብላ ስታነብ፣ “ፈናን ባጫ”፣ አቶ ባጫ እንደተጠራ ሰው ከመቀመጫቸው ተነሱ።

በመክፈቻው ዕለት ጠዋት ፈናን ፈቃዱን መስታወት ባለው ፍሬም አድርጋ ከበሩ ትይዩ ሰቀለችው፤ የገባ ሁሉ እንዲያየው። ፎጣዎቹን አጣጥፋ ሳትጨርስ አንድ የማታውቃቸው ሽማግሌ ገቡ። ወዲያና ወዲህ ተመለከቱ።

“ባለቤቱ የለም እንዴ?”

“እኔ ነኝ” አለች ፈናን ወንበሩን እያዞረችላቸው። “ይቀመጡ።”