የሦስተኛው ገጽ ምስክር

«ውሸት ከሆነ አባቴን ሳልቀብር ምድር ትዋጠኝ» አለ መኩሪያ።

«መማሉ ይቅርብህ» አሉት ፓስተር ጌድዮን፤ ነገ በቀብሩ ላይ የሚያነቡትን የጋሼ ክፍሉን የሕይወት ታሪክ እንደያዙ። «ሦስተኛውን ገጽ እውነት ነው ብሎ ቨሪፋይ የሚያደርግ ሰው ካለ አነባለሁ። ከሌለ እዘለዋለሁ።»

ሦስተኛው ገጽ ከተዘለለ ምን ቀረ? ሦስት ቀን ሙሉ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርኪንግ የጠፋው፣ ለቀስተኛው እስከ ፒኮ መንገድ የተሰለፈው ለዚያ ገጽ አይደለም? ጋሼ ክፍሉ አሜሪካ መጥተው የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርጉ ነው ያረጁት። ለመኩሪያ ግን አባቱ የሦስተኛው ገጽ ሰው ናቸው።

ነገሩ በ1927 ዓ.ም. ነው። አንድ የውጭ አገር ነጋዴ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ ራሱ የሚያበራት ትንሽ አውሮፕላን ከደብረ ብርሃን ወዲያ ገብስ ማሳ ላይ ወደቀች። አገሬው ሰይጣን ወረደ ብሎ ሸሸ። የስምንት ዓመቱ ክፍሉ እሳቱ መሀል ገብቶ ሰውየውን ጎትቶ አወጣው።

መኩሪያ ሲያወራው ልጁ ስድስት ዓመት ሆነው፤ ነጋዴው መቶ ሃያ ኪሎ ገባ፤ አውሮፕላኗም አራት ሞተር አወጣች።

«ትናንት ሁለት ነበር» አለች ሚስቱ ሮማን፣ ሻይ እያደለች። «ነገ ጄት ይሆናል።»

መኩሪያ የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ። ሃውቶርን ድረስ ድራይቭ አድርጎ፣ ጉልበታቸው ይዟቸው ከለቅሶው የቀሩትን የአባቱን ታላቅ እህት እትዬ እታገኝን አመጣ። መቶ ዓመታቸው ነው። ሳሎኑ በሙሉ ተነሣ።

«እትዬ፣ አብራሪውን ከእሳት ያወጣው ማነው? ለፓስተሩ ይንገሩልኝ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰበሰቡ።

«እሳት አልነበረም፤ ዝናብ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «ክፍሉም አልነበረም። ኩፍኝ ይዞት ጨለማ ቤት ተኝቷል። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»



«ታዲያ አባባ . . .» አለ መኩሪያ።

«ስነግረው ‹ሳላይ ቀረሁ› ብሎ አለቀሰ። ‹በቃ፣ ያወጣኸው አንተ ነህ› አልኩት። እኔ ለወንድሜ የሰጠሁትን መልሼ አልወስድም። አሁን የተናገርኩት ፓስተሩ ስለጠየቁ ነው።»

«ይህንን ሦስተኛው ገጽ ላይ ጽፌ ቆሜ አነበዋለሁ» አሉ ፓስተሩ።

 መኩሪያ ተንበርክኮ የአክስቱን ሁለት መዳፎች ገለበጠና አንድ በአንድ ሳማቸው።