ወደ መተማ የሚሄደው ነጋዴ

ኡዘይር ተራራ መሥራት አይሰለቸውም ነበር። ሰው መሥራት ግን ይሰለቸዋል። ጠባችን ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

በ2009 ዓ.ም. ጎንደር ውስጥ አራተኛ ዓመት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ነበርን። ለመመረቂያ ፕሮጀክት እኔና እሱ አንድ ላይ ተመደብንና ጌም ልንሠራ ተስማማን። ታሪኩ ቀላል ነው፤ አንድ ነጋዴ በቅሎውን ጭኖ ከጎንደር ይነሣል፣ መተማ ይደርሳል። ሐሳቡን ያመጣው ኡዘይር ነው። አያቱ ሐጂ ዐብዱረሕማን በወጣትነታቸው በዚያ መንገድ ቡና ወስደው ጨርቅ ይዘው የሚመለሱ ነጋዴ ነበሩ። እኔ ደግሞ የአይከል ገበሬ ልጅ ነኝ፤ መንገዱ በእርሻችን ግርጌ ነው የሚያልፈው።

ኡዘይር ምድሩ ሁሉ ክፍት ይሁን አለ። ተጫዋቹ ሲያሻው ወደ ሳንጃ ይውረድ፣ ሲያሻው ወደ ደባርቅ ይውጣ፣ ካልፈለገ ዕድሜ ልኩን መተማን አይያት። እኔ አንድ መንገድ ይብቃን አልኩ። ከአዘዞ አይከል፣ ከአይከል ነጋዴ ባሕር፣ ከዚያ መተማ። በየመሐሉ አንድ አንድ ችግር ይገጥመዋል፣ መጨረሻው ላይ ገበያ ይደርሳል፣ ያልቃል።

«እንዲህ ከሆነማ ምኑን ጌም ሆነው? አውቶቡስ ነው እንጂ» አለኝ።

«አውቶቡስ ይደርሳል» አልኩት።

በየፊናችን ሠራን። እሱ ክፍቱን ዓለም፣ እኔ አንዱን መንገድ። መጨረሻ ላይ የተሻለውን እንመርጣለን ተባባልን።

በታኅሣሥ አባቴ ሞተ። ክንዴ ይባላል። ሆዴን አመመኝ ብሎ ተኛ፣ በሦስተኛው ቀን አረፈ። ለቀብር ሄጄ አንድ ሳምንት ቆይቼ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ የያዘኝን ነገር ሐዘን ልበለው አልበለው አላውቅም፤ ብዙም አላለቀስኩም። ደከመኝ ብቻ። ጠዋት ከሁለት ሹራብ አንዱን መምረጥ አቃተኝ። ስለዚህ ሁለት ወር ሙሉ አንዱን ብቻ ለበስኩ። ለአርባው ልሄድ ቦርሳዬን አዘጋጅቼ ሳለ እናቴ ደብሪቱ ደወለች።

«ልጄ፣ አትምጪ። በረብሻው መንገዱ ተዘግቷል፤ መኪና አያልፍም።»

«በእግሬስ ብመጣ?»

«ከጎንደር እዚህ በእግርሽ? አንቺንም ልቅበር?»

ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አበራሁ፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ተመልሼ ኮዴን ቀጠልኩ።

የካቲት ላይ አማካሪያችን መምህር ወልደኢየሱስ ሥራችንን ሊያዩ መጡ። አሥራ ዘጠኝ ቡድን የሚያማክሩ ሰው ናቸው፤ ሲቀመጡም በረጅሙ ነው የተነፈሱት። የኡዘይርን ከፈቱ። ነጋዴው ጋራውን ወጣ፣ ወረደ፣ ሌላ ጋራ ወጣ። ተራራዎቹ ያምራሉ፤ ጉሙ ሳይቀር ይንቀሳቀሳል። አሥር ደቂቃ ያህል ሄዱ።

«እዚህ አገር ሰው የለም እንዴ?»

«ገና ነው» አለ ኡዘይር።

የእኔን ከፈቱ። በሰባት ደቂቃ መተማ ደረሱ። «አለቀ?» አሉ። «አለቀ» አልኳቸው። ተነሡና «ሰኔ ላይ ታቀርባላችሁ፤ ወይ ተስማሙ ወይ ተለያዩ» ብለው ወጡ።

ኡዘይር ሐጂ ይፍረዱን አለ። ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ላፕቶፑን ይዘን አዲስ ዓለም ሰፈር እነ ኡዘይር ቤት ሄድን። ሐጂ ዐብዱረሕማን ሰማንያን ያለፉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ ሽማግሌ ናቸው። ቁልፉን የሚነካላቸው ኡዘይር ነው፤ እሳቸው በጣታቸው ያመለክታሉ።

ከእኔ ጀመርን። ነጋዴው ነጋዴ ባሕር አጠገብ ሲደርስ ሁለት ሽፍቶች ብቅ አሉ።

«መልሰው» አሉ ሐጂ።

«አይመለስም ሐጂ» አልኩ። «ወይ ይዋጋል ወይ ዕቃውን ይሰጣል።»

«ምነው?»

«መንገዱ ወደ ፊት ብቻ ነው።»

«የኔ ልጅ፣ መመለስ የማያውቅ ነጋዴ ሬሳ ነው። እኔ ከዚያች ቦታ ሦስቴ ተመልሻለሁ። ባልመለስ ኖሮ ይኼ ልጅም ባልተወለደ።»

ኡዘይር ደስ አለው። የራሱን ከፈተላቸው። ሐጂ ጋራውን፣ ጉሙን፣ ገደሉን በየተራ አዩ። ቆይተው «ይህ የማን አገር ነው?» አሉ።

«የማንም አይደለም አባባ። በፈለጉበት መሄድ ይችላሉ።»

«ማን ቤት ነው የማድረው?»

«ማደር አያስፈልግም። ነጋዴው አይደክምም።»

«በቅሎዋስ?»

«እሷም አትደክምም።»

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያ ይህን ሰውዬ አላውቀውም» አሉ። «እኛ መንገድ የምንመርጠው በሰው ነበር። ወደ ጭልጋ ሲሆን አያ አላምረው ቤት። ክርስቲያን ናቸው፤ ለብቻችን ማብሰያ ያስቀምጡልን ነበር። እሳቸው ሲሞቱ በዚያ በኩል መሄድ ተውኩ። ዙሪያ ጥምጥም ነበር የምሄደው።» ሌላም ሊነግሩን ጀምረው ነበር፤ ግን ድምፃቸው እየሳሳ ሄደና እንደ ተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ላፕቶፑን በቀስታ ዘግተን ወጣን።

በሩ ላይ ተጣላን።

«ሰማሽ አይደል? መመለስ አለበት» አለኝ።

«ያንተንስ አላውቀውም አላሉም?»

«ሰው እጨምርበታለሁ። ጊዜ ብቻ ስጪኝ።»

«መቼም አትጨርሰውም። እንዲያልቅ አትፈልግም አንተ!» ብዬ ጮኽኩበት። ከአባቴ ቀብር ወዲህ ድምፄን ከፍ ያደረግኩት ያን ቀን ነው።

ይመልስልኛል ብዬ ስጠብቅ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«አዎ፣ አልፈልግም» አለ። «ሲያልቅ የአባቴ ሱቅ ነው የምገባው። አባቴ ቁልፍ አስቀርጾልኛል። የት እንደምቆም እንኳ አሳይቶኛል፤ ከሻሽ መደርደሪያው አጠገብ።»

እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። «እኔ ደግሞ እንዲያልቅ ብቻ ነው የምፈልገው» አልኩት። «እውነቱን ልንገርህ? ነጋዴው መተማ ደረሰ አልደረሰ ግድ የለኝም። ደክሞኛል።»

«አውቃለሁ። ሹራብሽ ይናገራል» አለ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ከዚያ በኋላ አንድ ጌም ነው የሠራነው። መንገዱ አንድ ሆነ፤ ግን ነጋዴው መመለስ ይችላል፣ ይደክማል፣ የሚያድርባቸውም ሦስት ቤቶች አሉት። ኡዘይር ተራራዎቹን አንድ በአንድ በገዛ እጁ አጠፋቸው። መብራት ሲጠፋ እንጠብቃለን፤ ሲመጣ እንቀጥላለን። ብዙም አናወራም ነበር።

የአይከሉን ቤት እኔ ሠራሁት። ባለቤቱ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ ገበሬ ነው። እንግዳ ሲገባ ከሰላምታው በፊት ስለ በቅሎዋ ይጠይቃል፤ «ጀርባዋ ተላጠ እንዴ?» ይላል። ኡዘይር ሲሞክረው እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣ።

«አባትሽ ናቸው?»

«አዎ።»

«እዚህ ቤት ስንት ቀን መቆየት ይቻላል?»

«ገደብ አላደረግሁበትም።»

 ክፍት ዓለም እያልሽ ታሾፊብኝ አልነበር ወይ ሊለኝ ይችል ነበር፤ አላለኝም።

ሰኔ ላይ ለሦስት መምህራን አቀረብን። ከመካከላቸው መምህርት ይመኙሽ ማውሱን ያዙ። ነጋዴውን አይከል አደረሱት፣ ገበሬው ቤት አሳደሩት፣ ወደ ነጋዴ ባሕር ወጡ፣ ሽፍቶቹን ሲያዩ ወደ አይከል መለሱት። ገበሬው ስለ በቅሎዋ ጠየቀ። እንደገና ወጡ፤ እንደገና ተመለሱ። የተሰጠን ጊዜ በዚህ አለቀ።

«መጨረሻ አለው?» አሉኝ።

«አለው። ገበያ ነው።»

«እንግዲህ አምንሻለሁ» ብለው ፈረሙ። ቢ ፕላስ አገኘን።

በቀጣዩ ሰኞ ኡዘይር ሱቅ ገባ። እኔ መንገዱ ተከፍቶ ስለነበር በሚኒባስ አይከል ገባሁ። እናቴ ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ሸጋ። አሁንሳ ምን ልትሠሪ ነው?»

«እንጃ እማ። መጀመሪያ ልተኛ።»

መደቡ ላይ አነጠፈችልኝ። በማግስቱ ስነቃ ፀሐይዋ አናት ላይ ደርሳ ነበር። እናቴ አረም ወጥታለች፤ ምሳዬ ተከድኖ ተቀምጧል።