የእጅጌው ትርፍ

ወታደሩ በሁለት ቀን ፈቃድ ወደ ትልቁ ከተማ ሲገባ ጉዳዩ አንድ ብቻ ነበር፤ የጓደኛውን ሞት ለእናቱ ማርዳት። ጓደኛው ሳቁ ከመንገድ ማዶ ስለሚሰማ «ሳቂታው» ነበር የሚባለው። እንዲያው ለመርዶም ፈቃድ ይሰጣል? ይሰጣል! አዛዡ «ቤታቸውን የምታውቀው አንተ ነህ፣ አንተው ንገራት» ብሎ ራሱን ገላገለ።

ቅዳሜን ዝም ብሎ ሲዞር ዋለ። ታክሲው ይጮኻል፣ ሴቶች ቲማቲም ይመርጣሉ፣ አንድ የማያውቀው ሰው «ጀግናው!» ብሎ አቀፈው። ምንም አልተሰማውም። ሲርበው በላ፣ ሲመሽ አልጋ ያዘ፣ ኮርኒስ ሲያይ አደረ። ልቅሶ ቢመጣለት ደስ ባለው፤ አልመጣም።

እሁድ ረፋድ ላይ ልብስ ሰፊዋ እናት ቤት ደረሰ። አንድ ክፍል ናት፤ ግማሿ መኝታ፣ ግማሿ ሥራ። ሴትዮዋ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ከመነጽሯ በላይ አየችው።

«መጣህ ልጄ? ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እማማ።»

ከኋላው በሩን አየችና ሜትሯን ይዛ ተነሳች። «በል ግባ። እዚህ ጋ ቁምልኝ።»

አፉን ከመክፈቱ ሜትሩ ትከሻው ላይ አረፈ። ለሳቂታው ለክረምት ብላ የጀመረችው ካፖርት ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የሁለቱ ልጆች ቁመትም ትከሻም አንድ ነበር፤ ካምፕ ውስጥ ሸሚዝ እንኳን ይዋዋሱ ነበር።

«እማማ፣ የመጣሁት አንድ ነገር ልነግርዎት…»

«ክንድህን ዘርጋ። ሲለካ የሚያወራ ሰው ልብሱ ይጠበዋል።»

ዘረጋ። ወታደር አይደል? ዙር ስትለው ዞረ።

ሴትዮዋ አንድ አመል ነበራት፤ ሳቂታው ምሽግ ውስጥ እየሳቀ ለወታደሩ ያወራለት ነበር። ለሌላው ደንበኛ በልኩ ትሰፋለች፤ ለልጇ ግን ከእጅጌው ጫፍ አራት ጣት ትርፍ ወደ ውስጥ ታጥፍለታለች። «ገና ታድጋለህ» ትለዋለች። «ኧረ እማዬ፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው! እስከ መቼ ነው የማድገው?» ቢላት፣ እሷ ወይ ፍንክች!

ወታደሩ ካፖርቱን አየ። ያው አራት ጣት ትርፍ በጠመኔ ተሰምሮ ተቀምጧል። ልጇን እየጠበቀች ነው ማለት ነው። ማታ የሚመለስበት ባቡር ይሄዳል፣ ሳይነግራት ቢሄድ ደግሞ ሰው አይደለም። ታዲያ ከየት ይጀምር?

ክንዱን እስከ አንጓው ለካች። ከዚያ መቀሱን አነሳችና ትርፉን ከዳር እስከ ዳር ቆረጠችው። ቁራጩ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«እማማ! ትርፉን እኮ…»

«ላንተ በልክህ ይሁን» አለች ቀና ሳትል። «እሱ አብሮህ ቢሆን ኖሮ ሳቁን ገና ከመንገዱ አልሰማውም ነበር?»

አይ ወታደሩ! ሌሊቱን ሙሉ ቃል ሲመርጥ አድሮ ለቀባሪው አረዱት ሆነ።

«ተሠቃየ?» አለችው።

«አይ። ወዲያው ነው።»

ውሸቱን ነው። እሷም አውቃለች፤ ግን ተቀበለችው።

ክሩን መርፌው ውስጥ ማስገባት አቃታት። ወታደሩ ተቀብሎ አስገባላት፤ የገዛ እጁ አለመንቀጥቀጡ አስፈራው። እሷ መኪናውን መርገጥ ጀመረች፣ ባቡሩ ሳይሄድ ለማድረስ። ካፖርቱን ለማስለካት በተነሳ ቁጥር ያቺን ቁራጭ ይሻገራታል፤ እሷም ትሻገራታለች። የረገጣትም፣ ያነሳትም የለም።