በአሮጌው ገመድ የመጣ ፊት

እናቴ የወንድሜን ፊት አጥርታ ለማየት ቴሌቪዥኑን በቀሚሷ ጫፍ ስትወለውለው አንጀቴን ትበላው ነበር። ጥፋቱ መስታወቱ ላይ እንዳልሆነ ስንቴ ነገርኳት! የሰፈሩን ሁሉ ቴሌቪዥን የምጠግነው እኔ ነኝ፤ የገዛ ቤቴ ግን አልጠገን ብሎኛል።

በዲስክ የምናየው ስለ ሰፈራችን ገበያ ቃጠሎ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። ወንድሜ ከዚያ ቀን ወዲህ የት እንደገባ አይታወቅም። ፊልሙ መሀል ላይ፣ ጭስ ውስጥ፣ አንድ ወጣት እጁን ከፍ አድርጎ ቆሟል። አቋቋሙ የሱ ነው፤ ፊቱ ግን ድብዝዝ ያለ ነው።

«ዲስኩ ደህና ነው፣ እማዬ። ማጫወቻው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ፊልሙን ሰው እንዳይቀዳው ብለው፣ በአሮጌው ገመድ ሲያልፍ ጥራቱን ሆን ብለው ይቀንሱታል። አዲሱን ገመድ ደግሞ ያንቺ ቴሌቪዥን አይቀበልም።»

«እኛ ምን ሰረቅን? ልጄን ልይ ነው ያልኩት!»

ላልታያት ነገር ራሷ ፍቺ አበጀችለት። እጁን ያነሳው እሳቱን እንዲያጠፉ ሰው ሊጠራ ነው አለች። ይህንኑ ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊው ሚስት ነገረቻት። የሴትየዋ ባል የሞተው በዚያው ቃጠሎ፣ ሱቁ ውስጥ ነው። «ልጅሽ ባሌን ሊያወጣ ነበራ!» ብላ አልቅሳ አቀፈቻት። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ እህትማማች ሆኑ።

ዲስኩን ሥራ ቦታዬ ወስጄ በአዲስ ስክሪን ማየት እችል ነበር። አላየሁም። እጁ ላይ የሚያበራ ነገር ያለ መስሎኝ ፈራሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ባይጠራ እመርጥ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት ሴትየዋ ሁለቱን ጎረምሶች ልጆቿን ትልቅ ካርቶን አሸክማ መጣች። አዲስ ቴሌቪዥን ነው። ልጆቹ አስቀምጠውልን ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

«ለእናትሽ ነው» አለችኝ። «ባለውለታዬን እኔም በደንብ ልየው።»

«እትዬ፣ ለዚህ የሚሆን ገመድ የለኝም» ብዬ ዋሸሁ።

«ጠጋኝ ቤት ገመድ ጠፋ? በይ፣ ካርቶኑ ውስጥ አለልሽ!» ብላ ሳቀች። እናቴም ሳቀች። እናቴ ስትስቅ ካየሁ ቆይቼ ነበር። ገመዱን ከካርቶኑ አውጥቼ ሰካሁት።

ምስሉ ጥርት ብሎ መጣ። ወንድሜ ነው፤ ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ ትታያለች። እናቴ «ልጄ!» ብላ ብድግ አለች፤ ወዲያው ድምጿ ተቆረጠ። በተነሳው እጁ የያዘው የሚነድ ጨርቅ የተጠቀለለበት ዱላ ነው። ደንግጬ ምስሉን አቆምኩት። ከፊት ለፊቱ ያለው ሱቅ ላይ የተጻፈው ይነበባል፤ «ልብስ ስፌት» ይላል። በሩ ከውጭ በሰንሰለት ታስሯል።

እናቴ ተጠግታ እሳቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ሊያጠፋ ነው» አለች። «ሊያጠፋ ነው እኮ፣ እህቴ።»

ሴትየዋ በሰንሰለት የታሰረውን በር በጣቷ ነካችው። ገመዱን ልነቅል ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ተይው» አለችኝ በቀስታ። «ልጆቼን ልጥራቸው። እነሱም ይዩት።»