የሚደፋ ወተት

ልብስ ሰፊዋ የአራት ወር ልጇን ታቅፋ ሐኪሙ ፊት ተቀምጣለች። ለኩላሊት ሕመሟ መድኃኒት አዘዘላትና፣ «ለአሥር ቀን ትወስጃለሽ። እስክትጨርሺ ልጅቷን ጡት አታጥቢ» አላት።

«ከዚያስ?»

«በማግስቱ ትቀጥያለሽ። እስከዚያ ወተቱ እንዳይጠፋ በየሦስት ሰዓቱ እያለብሽ ድፊው።»

በስልክ ነግራቸው ስለነበር፣ ቤት ስትደርስ አማቷ የዱቄት ወተት በጡጦ በጥብጠው ጠበቋት። ልጅቷ ጥቂት ካንገራገረች በኋላ ጠጣች።

«በቃ፣ ለምዳለች» አሉ አማቷ። «ምን ያደክምሻል፣ ልጄ? ባልሽንም ያሳደግኩት በጡጦ ነው፤ ይኸው ዛሬ በር አይበቃውም።»

«እማማ፣ ወተቴ ገና አልደረቀም። እኔም አላደርቀውም።»

በምትሠራበት ስፌት ቤት፣ ሰዓቷ በደረሰ ቁጥር የስፌት መኪናዋን አቁማ ልታልብ ወደ ጨርቅ ማከማቻው ትገባለች። በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው ተከትሏት በሩ ላይ ቆመ። ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ ስለሚቆርጥ ሠራተኞቹ «መቀሱ» ይሉታል።

«ለምትደፊው ወተት ሥራ ታቆሚያለሽ?»

«ካላለብኩት ይጠፋል። ልጄ ደግሞ...»

«እሱ የቤትሽ ጉዳይ...»

«አልጨረስኩም» አለችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ልጄ ደግሞ ትፈልገዋለች። ከድርሻዬ የጎደለ ሸሚዝ ካለ አሳየኝ። ከሌለ በሩን ዝጋልኝ።»

የሸሚዝ ቁልፍ ተካይዋ፣ ከሁሉም በዕድሜ የምትበልጠው፣ ተነስታ መጣችና አንድ ጣቃ ጨርቅ ዘርግታ መደርደሪያው ላይ እንደ መጋረጃ ሰቀለችላት። መቀሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ሄደ።

በስድስተኛው ቀን ወተቱ የኩባያውን ቂጥ ብቻ አረጠበ። ቤቷ መታጠቢያው ላይ ስትደፋው እንባዋ ቀደማት። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «ከእንግዲህ በየሁለት ሰዓቱ ነው» አለች ለራሷ። አማቷ ከኋላዋ ቆመው ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ልታልብ ስትቀመጥ ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረው ጨምቀው አመጡላት። «ጡትሽ ላይ አድርጊው፤ ያወርድልሻል።»

በአሥራ አንደኛው ቀን ልጅቷን ደረቷ ላይ አስጠጋቻት። ልጅቷ ፊቷን አዞረች፤ አለቀሰች። አማቷ እጃቸው ወደ ጡጦው ሄደ።

«ይተዉት፣ እማማ።»

ተዉት። እናትየዋ ቆማ እየተንጎራደደች አባበለቻት፤ ደግማ ሞከረች፤ አሁንም እምቢ። በሦስተኛው ልጅቷ በልቅሶዋ መሃል ያዘች፤ ለቀቀች፤ እንደገና ያዘች። ከዚያ ስትውጥ ተሰማ።

አማቷ ቀረብ ብለው የልጅቷን ጉንጭ አዩ። «አየሽ፣ እየሳበች ነው» አሉ በሹክሹክታ፣ እሳቸው ያሸነፉ ይመስል።