የቦቴው ነጂ ዒላማ

ወልደየስን ለዚህ ጣጣ የዳረገው የገዛ አፉ ነው። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ወታደር ነበር፤ ይህ እውነት ነው። የሚነዳው ግን የውሃ ቦቴ ነበር። ጠመንጃ የተኮሰው ማሠልጠኛ እያለ ብቻ ነው፤ እሱንም አሠልጣኞቹ ከዒላማው ይልቅ ለራሳቸው እየፈሩ። ዴንቨር አጠገብ ያለችው ኦሮራ መጥቶ በየክርስትናው ድግስ ወንዶቹ የጦር ሜዳ ወሬ ሲያነሡ ግን ዝም ማለት አቃተው። አንድ ቀን «እኔ እኮ ሎሚ ከዛፉ ላይ በጥይት አወርድ ነበር» አለ። ሰው ተደነቀ። ከዚያ ወዲያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና በየዓመቱ ሎሚው እየራቀ፣ እያነሰም ሄደ።

ልጁ ሶልያና ይህን ሁሉ እየሰማች ነው ያደገችው። አሁን ዐሥራ ስድስት ሞልቷታል። አባቷ የሚያስፈልጋት አንድ ቦታ እንዲያደርሳት ብቻ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ከጓደኞቿ ጋር ትጨርሳለች። ዘንድሮ የትምህርት ቤቷ የአየር ጠመንጃ ቡድን ውስጥ ገባች። ታዲያ አንድ ቀን ወልደየስ ኮሜርስ ሲቲ ካለው መጋዘን ሥራውን ጨርሶ ሲገባ በር ላይ ጠበቀችው።

«ዳድ፣ የራሴን ጠመንጃ መግዛት አለብኝ። ኮቻችን ከሳጥን ወጥቶ ወዲያው በደንብ የሚመታ ይሁን ብሎናል፤ ምንም ፊክስ የማይደረግ። ቅዳሜ አብረን እንሂድና ምረጥልኝ።»

ምረጥልኝ አለች! ልጁ በምንም ነገር አማክራው አታውቅም። ደስ አለው፤ ወዲያው ደግሞ ሎሚው ትዝ አለው። እምቢ ቢላት ሁለተኛ አትጠይቀውም። እሺ ቢላት ያ ሁሉ ፉከራ በልጁ ፊት ራቁቱን ሊቀር ነው። ጭንቀቱን ለሚስቱ ለእንቁ ቢነግራት «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብላ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች። ሚስት እንዲህ ናት፤ ስትፈልጋት ተረት ትነግርሃለች።

ቅዳሜ ሴንትራል ፓርክ የሚባለውን ሰፈር አልፈው መሀል ዴንቨር አንድ የጠመንጃ ሱቅ ገቡ። ሱቁ ከኋላው መሞከሪያ ክፍል አለው። ወልደየስ መንገድ ላይ ዘዴ ሲያወጣ ነበር የመጣው፤ ሰደፉን መታ መታ ያደርጋል፣ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፣ «ይኼ ይሻላል» ብሎ ይገላገላል። ሻጩ ግን ሦስት ጠመንጃ ከየሳጥኑ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሶልያና ወደ አባቷ ዞረች።

«ሞክራቸው።»

«የምትተኩሺበት አንቺ ነሽ፤ አንቺ ሞክሪያቸው እንጂ።»

«ኖ፣ አንተ።»

መሸሻ አልነበረውም። የመጀመሪያው ትልቅ ነው፤ ሻጩም ጉልበቱን አሞግሶለታል። ቃታውን ሲስበው ትከሻውን ነረተው። ምስር ከሚያካክሉት የእርሳስ ጥይቶች አንዷ የዒላማውን ወረቀት ጫፉ ላይ ነካችው፤ የቀሩት የት እንደገቡ እግዜር ይወቅ። «ይኼ ጠመንጃ ሳይሆን በቅሎ ነው» አለ ላቡን እየጠረገ። ሁለተኛው አልተራገጠም፤ ጥይቱን ግን በወረቀቱ ላይ በተነው። ሶልያና ወረቀቱን አንሥታ ቀዳዳዎቹን ቆጠረች። ብትስቅበት ይሻለው ነበር። አለቀልኝ ብሎ ሦስተኛውን አነሣ።

ሦስተኛው ለዓይን የማይሞላ፣ ቀለል ያለ ነገር ነው። ሲተኮስ እፍ አለ እንጂ አልጮኸም፣ ንቅንቅም አላለም። ወረቀቱ ሲመጣ ጥይቶቹ መሀል ላይ ተደራርበው አንድ ቀዳዳ ሠርተዋል። ወልደየስ የሌላ ሰው ወረቀት መስሎት ገልብጦ አየው።

«በቃ፣ ይኼን ነው የምንገዛው!» አለች ሶልያና።

«ሳትሞክሪው?»

«ዳድ፣ አንተ ከመታህበት ማንም ይመታበታል። ኮቻችን ጎበዝ ተኳሽ በመጥፎ ጠመንጃም ይመታል፤ ጥሩነቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ በማይችል ሰው አስሞክሩት አለን። እኔ ደግሞ የማውቀው የማይችል ሰው አንተ ነህ።»

ወልደየስ ፊቱ ጋለ። «ማን ነገረሽ?»

«ማሚ። ገና ትንሽ ልጅ እያለሁ፣ የውሃ ቦቴ ነበር የሚነዳው አለችኝ።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ሎሚ ሲወርድ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስታወራው ደስ ይልሃላ!»

አፈረ፤ ግን ኀፍረቱ ብዙ አልቆየም። ልጁ ውሸቱን እያወቀች ወድዳው ኖራለች። ይህን ሲያስብ ሳቁ መጣ፣ እንባውም አብሮ መጣ፣ ሻጩ ግራ እስኪገባው ድረስ። እፎይ አለ፤ ከልቡ እፎይ አለ። ከእንግዲህ በየድግሱ ሎሚ ማሳደድ የለም።

ሳጥኑን ኋላ ወንበር ላይ አስተኝተው ወደ ቤት ተመለሱ። ግማሽ መንገድ ላይ ሶልያና «ውሃውን ለማን ነበር የምታደርሰው?» አለችው።

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ምሽግ ውስጥ ላሉት ልጆች እንደነበር ነገራት። መንገዱ ገላጣ ነው፤ ቦቴው ከሩቅ ይታያል፣ መድፍ ይወርድበታል። ልጆቹ ግን ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ ይጠብቁታል።

«አልፈራህም?»

«በጣም ፈርቼ ነበር። መሪው በላቤ ይንሸራተትብኝ ነበር።»

ቤታቸው ደረሱ። ወልደየስ መኪናውን ፓርክ አደረገና ሞተሩን አጠፋ። ሶልያና ቀበቶዋን አልፈታችም።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አለችው።